ሳልቀምስ «ደህና ነው» ያልኩት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2016

ዝናቡ እንቢ ብሏል። ጥቅምት ገብቶም ይዘንባል! ከሁሉቃ ድልድይ እስከ ሆቴሉ በእግሬ፤ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ለሊሳ ባንኮኒው ጀርባ ደረቅ ሆኖ ቆሞ «ሮዳስ፣ ዛሬ እርሻ ነበርሽ እንዴ?» ይላል። ባርማን መሆን እንዴት ደስ ይላል... ጭቃ የማይነካው ሥራ።

ምሳ ላይ ኦቦ ዓብዲሳ እንደ ልማዳቸው መጡ። መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ፣ ጥብስ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ። ባኮ ምርምር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የበቆሎ ዘር ሲመርጡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። አሁንም ሰውን እንደ በቆሎ ነው ገልበጥ አድርገው የሚያዩት። «ከስተሻል» አሉኝ። ጠጁን ልቀዳ ስል ያቺኑ የዘወትር ቃላቸውን፣ «ናፍ ዸንዸሚ።» ቅመሺልኝ። ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ሳቁ። «ቁርጥ ጌጤነሽ!»

እማዬን የሚያውቋት እኔ ሳልወለድ ነው። ከባኮ አዲስ አበባ ሲመላለሱ፣ ጌዶ ላይ እማዬ ጠጅ ቤት ሳይወርዱ አያልፉም ነበር። እማዬ በመዳፏ ሳትቀምስ ለማንም አልሰጠችም። ለሾፌሩም፣ ለዳኛውም።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሼ ሚልኪያስ ካሸሯ አጠገብ ቆመው ያዩኝ ነበር። ኋላ ጠርተው፣ «መዳፍ መላስ ምንድነው? ይሄ እኮ ጠጅ ቤት አይደለም። ሰኞ አሠልጣኝ ይመጣል፤ ትማሪያለሽ» አሉኝ። በሠላሳ ዓመቴ መጠጥ መቅዳት ልማር ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

አሠልጣኙ ማዕረግ ይባላል። ከአዲስ አበባ ነው። ሰደርያ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ... ጭቃችንን ሲያይ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

ወይን ለሚያዝ እንግዳ እንዲህ ነው አለ። ጠርሙሱን አሳዪው። ቡሹን ፊቱ ክፈቺ። ለጋባዡ ብቻ ጥቂት ቅጂለት። እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ጠብቂ። እሱ ይቀምሳል። ራሱን ከነቀነቀ ለሁሉም ትቀጃለሽ።

«አስተናጋጅ አይቀምስም» አለ ሦስት ጊዜ። ሁለቴ እኔን እያየ። ጋሼ ነግረውታል ማለት ነው።

«እንግዳው ካልጣመውስ?» አልኩት።

«ይመልሰዋል።»

«ማን? አምቦ ላይ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልገባውም። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው ቢሆን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» የሚል ሕዝብ፣ ፊቱ የቆመችን ሴት «አልፈልግም፣ ውሰጂው» ይላል? ይሉኝታ የት ሄዶ?

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት ስትልጥ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«እንግዳው ይቅመስ? እንግዳ ላይ ነው እንዴ የሚሞከረው?»

«ዘመናዊ ነው እማዬ።»

«እኔ መዳፌ ላይ ጠብ የማደርገው ጣዕሙ ጠፍቶኝ ነው? ራሴ የጣልኩት ጠጅ! ሰውየው እንዲያየኝ ነው እንጂ። የሚያገኝህ ነገር እኔን ያስቀድም ማለት ነው።»

ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ጠጁ ቀረ። አሁን ወይን ብቻ። በሁለት ሳምንት ሃያ ሦስት ጠርሙስ ከፈትኩ። የመለሰ? አንድም ሰው የለም።

ዛሬ ወንጪ ሐይቅ ውለው የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ቡሹን ስነቅለው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰውየው ቀመሰ። ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። «በጣም ጥሩ ነው!» አለ። ሙሉውን ጠጥተው ሄዱ፣ ምስኪኖች። ከለሊሳ ጋር ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አሁን ሳስበው ምኑ ያስቃል?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የሆቴሉ የራሱ ወይን ነገ ይጀምራል ተባለ። ስሙ የተለጠፈበት። ወይኑ ከአዲስ አበባ በጀሪካን መጥቶ እዚሁ ነው የሚሞላው።

ናፕኪን ልወስድ መጋዘን ስገባ ለሊሳ ማንቆርቆሪያና ጀሪካኖች ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ሌላ ነጭ በርሜል፤ ጽሑፉ ተፍቋል። ሽታው ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ወይኑ ቀጥኗል አሉ፤ ማጠንከሪያ ነው። አትጠይቂ ባክሽ።»

አልጠየቅኩም። ናፕኪኑን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ኦቦ ዓብዲሳ ዛሬ ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። ልጃቸው ሃዋኒ ለማስተርስ አልፋለች። ሱፍ ለብሰዋል። «ዛሬ ያንን ወይናችሁን አምጪ፤ ሙሉ ጠርሙስ!» አሉ። የአዲሱን የመጀመሪያ ጠርሙስ ከፈትኩላቸው።

ልቀዳ ስል፣ «ናፍ ዸንዸሚ።»

ጋሼ ሚልኪያስ ካሸሯ ጋ ነበሩ። እያዩኝ።

«አሁን የሚቀምሰው እንግዳ ነው ኦቦ» አልኳቸው።

«እንግዲያ የሚሞተውም እንግዳ ነዋ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥቂት ቀዳሁ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ቀመሱ... ቆም አሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሽቶ ነገር ይላል። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞላሁላቸው። ብቻቸውን ጨርሰዋት ሄዱ፤ ሲወጡ ለእማዬ ሰላምታ ላኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

እረፍት። ልብስ አጠብኩ። ዛሬ እንኳ ፀሐይ ወጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሃዋኒ ደወለች። ከአዲስ አበባ። መጀመሪያ ድምጿን አላወቅኩትም።

«ሮዳስ፣ አባዬ ቅዳሜ ምን ጠጣ?»

ትናንት ጠዋት ራሱን አመመው፣ አስመለሰው አለች። ስካር መስሏቸው ሾርባ ሰጡት። ከሰዓት በኋላ «ቤቱ ውስጥ ጉም ገባ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያ ፀሐይ! መስኮት ዝጉ ብሎ ተቆጣ። አምቦ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ዛሬ ሲነጋ ወደ አዲስ አበባ።

«ወይን ነው የጠጡት» አልኩ።

«አንቺ ቀምሰሽለት ነበር?»

ስልኩን እንደያዝኩ ግራ መዳፌን አየሁት። ዘጋችው።

ሮጬ ለጋሼ ሚልኪያስ ነገርኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ሽማግሌ አይደሉ፣ ስኳር ይሆናል» አሉ። ከዚያ መጋዘን ገቡ። ምሳ ሳይደርስ ከጓሮ የጠርሙስ መሰባበር ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ስኳር ከሆነ ጠርሙሱ ለምን ይሰበራል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ለሊሳ በጠዋት ደውሎ መናኸሪያ ነይ አለኝ። ሻንጣ ይዟል። ነቀምት ወንድሙ ጋ ሊሄድ ነው።

«ሚልኪያስ የሚጠጣ አልኮል ነው ብሎኝ ነበር። እናቴን! ጽሑፉን ራሱ ፍቆ ነው ያመጣው። ከማን እንደገዛው አላውቅም።»

«ለፖሊስ ንገር።»

«የቀላቀልኩት በእኔ እጅ ነው ሮዳስ። መጀመሪያ የምታሠረው እኔ ነኝ።»

በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከሻንጣው አወጣ። ጠርሙስ ነው። ከመሰበር ያስቀራት አንዲቷ። ቡሿ፣ ቀይ ሽፋኗ፣ የሆቴሉ ስም... እንዳለች። እጄ ላይ አስቀምጦ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። ደህና ሁኚም አላለ። አንድ ቀን በዚህ ሰው እስቃለሁ እንጂ አዝንለታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ዓይናቸው አይመለስም አለች ሃዋኒ። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሕይወታቸው ተርፏል፣ ዓይናቸው ግን ሁለቱም።

ሥራውን ለቀቅኩ። ልብሱን አጥፌ ካሸሯ ላይ አስቀመጥኩት። ሚልኪያስ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ዛሬ ጋሼ የሚለው ቃል ከእጄ አልወጣም። አንቱታውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ሃዋኒ ከስሳለች። ፖሊስ ጠራኝ፤ ለሰኞ ታኅሣሥ 1 ቃል እንድሰጥ። የሐኪሙ ወረቀት መርዛማ አልኮል እንደሆነ ይላል፤ ግን የት እንደጠጡት አይልም። ሚልኪያስ «ሌላ ቦታ አረቄ ጠጥተው ይሆናል» ብሏል።

ስለ ጠርሙሷ ለሃዋኒ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። «እንዳትነኪያት። ከነሽፋኗ ሰኞ አስረክቢ። ያለን እሷ ብቻ ናት።»

ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጋቢዬ ሥር አስቀምጫታለሁ። በቀን ስንቴ እንደማያት...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

እንዴት ብዬ ልጻፈው? በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ዋናው ኦቦ ኦሊቃ። የሚልኪያስን አባት ያስታረቁ፣ የእኔንም አባት የቀበሩ ሰው። ሚልኪያስ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። እማዬ ወንበር አቀረበች፣ ዳቦ ቆረሰች።

ኦቦ ኦሊቃ ጀመሩ። ሰው ከሰው ጋር ይኖራል። የሆነው ሆኗል። ሃያ ሠራተኛ እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው፣ አይዘጋ። ሚልኪያስ ለዓብዲሳ ቤተሰብ ካሣ ይከፍላል። «ሰኞ ስትጠየቂ፣ ምን እንደጠጡ ልብ አላልኩም በይ። ውሸት እኮ አይደለም፤ ልብ አለማለት ነው።»

«ወይኑ ምንም አልነበረበትም» አለ ሚልኪያስ። «በልጆቼ!»

በልጆቼ ሲል ደሜ ፈላ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ጠርሙሷን አወጣሁ። ሲያያት ከንፈሩ ደረቀ። የሃዋኒ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እንዳትነኪያት። ሰማሁት። ግን እነዚህ ሽማግሌዎች አይተው ይመስክሩ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አልኩ ለራሴ። ቡሿን በሽንኩርት ቢላዋ ነቀልኳት። ብርጭቆ ላይ ጥቂት ቀዳሁ። ፊቱ አስቀመጥኩ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ።

«ቅመስ። እንግዳው አይደል ቀድሞ የሚቀምሰው? ይኸው፣ ቤቴ እንግዳ ነህ።»

አልነካውም። መኪና እነዳለሁ አለ። ጾም ነው አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ይሄኔ እማዬ ተነሳች። ምን እንደሆነ ያልገባት መሰለኝ... ወይስ ገብቷት ነው? እስካሁን አላውቅም። «በእኔ ቤት ሳልቀምስ ለሰው የሚቀርብ መጠጥ የለም» ብላ ብርጭቆውን አነሳች። ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ወደ አፏ ወሰደችው። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

«እማማ አይቅመሱት!»

ሚልኪያስ ነው የጮኸው። ዘሎ እጇን መታው። ብርጭቆው ወደቀ፤ ወይኑ ዳቦው ላይ ፈሰሰ።

ሚልኪያስ የእማዬን እጅ በነጠላዋ ጫፍ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ... ያለቅሳል። እማዬ እንደ ሕፃን እጇን ሰጥታው ቆማለች።

ኦቦ ኦሊቃ ከዘራቸውን አነሱ። «ነገሩ ገብቶናል» አሉ። ተነስተው ወጡ። ዳቦውን ማንም አልቀመሰው።

አበቃ! አልኩ። አሸነፍን! ሃዋኒ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉን በደስታ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ከፈትሻት?» አለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

መርማሪው ትሁት ሰው ነው። ጠርሙሷን ገልበጥ አድርጎ አየ።

«ማን ከፈታት?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በሽንኩርት ቢላዋ።»

ጽሑፉን አቆመ። «እቴ፣ ታሽጋ ብትመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ምርመራ እንልካት ነበር። አሁን የሚልኪያስ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ውስጧ ያለውን አንቺ እንዳልጨመርሽው በምን ይታወቃል? ከሥራ የወጣሽ፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላሽ...»

«ሲጮህ የሰሙ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ!»

«ይምጡና ይመስክሩ።»

ከጣቢያው በቀጥታ ኦቦ ኦሊቃ ቤት። ግቢያቸው ገብስ እያሰጡ ነበር። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ እኛ አይተናል። ዋቃም አይቷል። የሽምግልና ነገር ግን ፍርድ ቤት አይወጣም። ከወጣ ነገ ሽማግሌ ፊት እውነቱን የሚናገር ማን አለ?»

እውነት ተናገረና ነው እንዴ? እጁ ነው የተናገረበት!

ለሊሳ ስልኩን ዘግቷል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የእኔ ነገር ሥሩ የት ነው? መጋዘኑ በር ላይ ናፕኪን ይዤ ስወጣ? ወይስ ያቺ ሁለት ቃል? ሚልኪያስ ጮኸ። ያ ሌባ፣ ያ ውሸታም እንኳ የማያውቃት አሮጊት ልትጠጣ ስትል ጮኸ። እኔ ግን ሰውየው ዓይኔን እያዩ ሲጠይቁኝ...

ዛሬ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ፋይሉ ተዘጋ። በማስረጃ እጦት። ሃዋኒ አልደወለችም፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ሆቴሉ ሞልቷል። በባጃጅ ሳልፍ አየሁት፤ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ ሰዎች ይስቃሉ። ጠርሙሷ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ናት። ቡሿን መልሼ ከትቼዋለሁ፤ የፈሰሰ አይታፈስ ነገር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ዛሬ ኦቦ ዓብዲሳ ቤት ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከበር ተመልሼ ነበር፤ ዛሬ ግን አንኳኳሁ።

ሃዋኒ ከፈተች። «ምን ቀረሽ?» አለች። ቢሆንም አስገባችኝ። ማስተርሱን ትታዋለች። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ይከሳል ሰው?

መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነው። ጭናቸው ላይ ከባኮ የላኩላቸው የበቆሎ ዛላዎች አሉ። በአውራ ጣታቸው መስመሩን ይቆጥራሉ። «አሥራ አራት» ብለው አስቀመጡት፣ ሌላ አነሱ።

«ኦቦ፣ ሮዳስ ነኝ።»

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። እናትሽ ፈያ ናት?»

«ደህና ናት።»

ያቺ ቃል። ያቺው «ደህና»። ከዚያ አልቻልኩም፣ አወጣሁት። ሳልቀምስ ነው ያልኩዎት፣ በርሜሉን አይቼ ነበር፣ ሽታውን አውቀው ነበር፣ አልጠየቅኩም... አልኩ። እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት። ሃዋኒ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

በቆሎውን ቆጥረው ጨረሱ።

«አውቃለሁ» አሉ። «መዳፍሽ ደረቅ ነበር። ያኔ አይ አልነበር?»

«ታዲያ ለምን ጠጡ?»

«ጌታሽ ካሸሯ ጋ ቆሞ እያየሽ ነበር። መልሺው ብልሽ የምትዋረጂ መሰለኝ። የጌጤነሽ ልጅ።»

ሌላ ዛላ አነሱ። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ሃዋኒ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃና ብርጭቆ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። አልቀዳችም። «ሳይቀመስለት ምንም አይጠጣም። የእኔንም ጭምር» ብላ ወጣች።

ክዳኑን ከፈትኩ። እጃቸውን አልዘረጉም። ናፍ ዸንዸሚም አላሉ። ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

«ቀመስኩ ኦቦ።»

«አላየሁም» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እውነቱን ነው የነገሩኝ።

ብርጭቆው ላይ ቀዳሁና ከእሱ ተጎነጨሁ። ሲወርድ እንዲሰማቸው ጮክ አድርጌ ዋጥኩ። ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩ። እጃቸውን የዘረጉት በሦስተኛው ነው።